ቀለም ወረቀት ላይ የሚደርስባቸው አራት መንገዶች፦ ከጄኔቫ ደንብ እስከ ዙሪክ ቤተ ሙከራ

በቢሮና በቤት ከምንገለገልባቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ማተሚያ፣ ብዙዎቻችን እንደምንጠራው እንደ ፕሪንተር፣ ባለቤቱን የሚያማርር ጥቂት ነው። ኮምፒዩተሩ እየሠራ፣ ስልኩ እየጠራ፣ እርሱ ብቻ የቪዛ ማመልከቻ በሚገባበት የመጨረሻ ቀን፣ የክስ መልስ በሚቀርብበት ማለዳ ወይም የፈተና ወረቀት በሚባዛበት ምሽት ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። የተማረረው ባለቤትም ዕድሉን ይረግማል፤ ባስ ሲልም መሣሪያውን በጥፊ ይመታዋል።

ይሁን እንጂ ማተሚያ በዘፈቀደ አይታመምም። ዛሬ በስፋት የምንጠቀምባቸው ማተሚያዎች ጽሑፍን ወረቀት ላይ የሚያሳርፉባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው፦ በምት፣ በኤሌክትሪክ ሙል፣ በጠብታና በሙቀት። እያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ብርታትና የየራሱ ሕመም አለው። መንገዱን ያወቀ ሰው መሣሪያው ሲቆም ችግሩ የት ላይ እንደሆነ መገመት፣ ከመቆሙም በፊት መንከባከብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሥራው የማይሆነውን መሣሪያ ከመግዛት መዳን ይችላል።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት ሁለት የስዊዘርላንድ ከተሞች ጥሩ መነሻ ይሆኑናል። የምናትምበት ወረቀት ልክና በካርትሪጅ ሣጥን ላይ የምናነበው የገጽ ብዛት የሚለካው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ በሆነ ድርጅት ደንብ ነው። የማተም ጥበብ እስከ ምን ድረስ ሊረቅ እንደሚችል ያሳዩን ደግሞ የዙሪክ ተመራማሪዎች ናቸው።

ጄኔቫ፦ በወረቀቱና በሣጥኑ ላይ ያለው ደንብ

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ.ኤስ.ኦ.) እ.ኤ.አ. በ1947 ተቋቁሞ መቀመጫውን በጄኔቫ ያደረገ ድርጅት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ድርጅቱ ራሱ ዕቃ አያመርትም፤ በተለያዩ አገሮች የሚመረቱ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲስማሙ ደንብ ያወጣል። ማተሚያን ከሚመለከቱ ደንቦቹ ሁሉ በጣም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ቁጥር 216 ነው። ኤ4 የምንለው ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነው በዚህ ደንብ ነው። መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የጀርመን ደንብ ነበር።

ቁጥሮቹ እንዲያው በዘልማድ የተመረጡ አይደሉም። የወረቀቱ ቁመት ሲካፈል ለወርዱ የ2ን ስኩዌር ሩት ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ወረቀቱ ከመካከሉ ለሁለት ሲከፈል ግማሹም ያንኑ ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ትልቁ ኤ0 ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ አራት ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ሲከፈል 16 ኤ4 ይወጣዋል። ስለዚህ በእሽጉ ላይ «80 ግራም» ተብሎ ሲጻፍ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት መሆኑ ነውና፣ አንዱ ኤ4 ቅጠል 5 ግራም፣ 500 ቅጠል የያዘው አንድ ደስጣ ደግሞ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ገዢው እሽጉን ሚዛን ላይ በማስቀመጥ የተጻፈለትን ግራም ማረጋገጥ ይችላል። ይህ ለማተሚያው ጤና ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሚገባው በላይ የሳሳ ወረቀት እርስ በርስ ተጣብቆ ሁለት ሦስት እየሆነ ይገባል፣ ወይም በሮለሮቹ መካከል ይጨማደዳል።

ዩናይትድ ስቴትስና ካናዳ ግን በብዛት የሚጠቀሙት «ሌተር» በሚባለው፣ 216 በ279 ሚሊ ሜትር በሆነው ወረቀት ነው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ አዘጋጅቶ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጄኔቫ የላከው ሰነድ ለሌተር ተለክቶ ከሆነ፣ ማተሚያው በመሳቢያው ውስጥ የሌለውን ወረቀት እየጠበቀ ሊቆም ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ብልሽት ነው ብሎ ባለሙያ ይጠራል። መፍትሔው ግን ከመታተሙ በፊት በሚከፈተው መስኮት ላይ የወረቀቱን ዓይነት ኤ4 አድርጎ ጽሑፉን ለገጹ እንዲስማማ ማዘዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ኪስን ይመለከታል። ቀደም ሲል አምራቾች አንድ ካርትሪጅ ስንት ገጽ እንደሚያትም የሚናገሩት በየራሳቸው መለኪያ ነበርና ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ ለጥቁር ቶነር ደንብ 19752፣ ለባለ ቀለም ቶነር ደንብ 19798፣ በቀለም ጠብታ ለሚሠሩት ደግሞ ደንብ 24711 አለ። እነዚህ ደንቦች የወጡት አይ.ኤስ.ኦ. እንደ እርሱ ጄኔቫ ከሚገኘው ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ጋር በመሆን ነው። የጥቁር ቶነር ፈተና ቢያንስ በ3 ማተሚያዎችና በ9 ካርትሪጆች፣ 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ገጽ እየደጋገሙ በማተም ይካሄዳል። በገጹ ላይ በቀለም የሚሸፈነው ቦታ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሸማቹ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፎቶግራፍ ያለበት፣ ወይም በጥቁር የተሞላ ርዕስና ሠንጠረዥ የበዛበት ገጽ ከ5 በመቶው ብዙ እጥፍ ቀለም ይወስዳል። ፈተናው ሳያቋርጥ የሚካሄድ በመሆኑም፣ በሳምንት አንድ ገጽ ብቻ የሚያትም ሰው መሣሪያው ራሱን ለማጽዳት የሚያፈሰው ቀለም በሣጥኑ ላይ ባለው ቁጥር ውስጥ አይታይለትም። ከአዲስ ማተሚያ ጋር የሚመጣው የመጀመሪያው ካርትሪጅም ብዙውን ጊዜ ለብቻው ከሚሸጠው ያነሰ ቶነር የያዘ ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩ ለማወዳደር ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል ካርትሪጁ 3,000 ብር ቢሸጥና 1,500 ገጽ ቢያትም የአንዱ ገጽ ቀለም 2 ብር ነው። የማተሚያው እውነተኛ ዋጋ ያለው በመደብሩ መስኮት በተለጠፈው ወረቀት ላይ ሳይሆን በዚህ ማካፈል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ፊደላችንን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ከአይ.ኤስ.ኦ. ደንብ 10646 ጋር የተጣጣመ ቋሚ ኮድ አለው። ከዚያ በፊት በተለያዩ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬ ሲታተሙ ፊደሉ በሳጥንና በእንግዳ ምልክት ተተክቶ የሚወጣው ማተሚያው ተበላሽቶ ሳይሆን ኮዱ ስለማይታወቅለት ነው። ሰነድ ወደ ሌላ ቦታ ሲላክ ፊደሉን በውስጡ ይዞ እንዲጓዝ በፒ.ዲ.ኤፍ. ማስቀመጥ ከዚህ ችግር ያድናል።

በምት፦ ዶት ማትሪክስ

ከአራቱ መንገዶች ቀላሉ ምት ነው። በዶት ማትሪክስ ማተሚያ ራስ ላይ 9 ወይም 24 ቀጫጭን መርፌዎች ይደረደራሉ። ኤሌክትሪክ በእያንዳንዱ መርፌ አጠገብ ያለውን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ሲያደርገው፣ መርፌው ተፈናጥሮ በቀለም የራሰውን ሪባን በወረቀቱ ላይ ይመታዋል። ከነጥቦቹ ስብስብ ፊደል ይወጣል። የአማርኛ ፊደል እንደ «ጬ»ና «ቿ» ያሉ ጥቃቅን ቅጥያዎች ስላሉት በ9 መርፌ ጥርት ብሎ አይወጣም፤ 24 መርፌ ያለው ይሻለዋል።

ይህ መሣሪያ ጯሂና ዘገምተኛ ቢሆንም አልጠፋም፤ ከአራቱ መካከል በካርቦን የተነባበሩ ቅጂዎችን በአንድ ምት ማውጣት የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። በባንክ ደብተርና ባለ ብዙ ቅጂ ደረሰኝ በሚታተምበት ቦታ ዛሬም አለ።

ሕመሙ የመካኒክ ሕመም ነው። በጽሑፉ ላይ ዘወትር በአንድ ከፍታ ነጭ መስመር ከታየ አንድ መርፌ ተሰብሯል ወይም ተጣብቋል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ሪባኑ አልቋል፤ የላላና የተቀደደ ሪባን መርፌውን ይዞ ሊሰብረው ስለሚችል በወቅቱ መለወጥ ይገባል። ወረቀቱ ወፍራም ወይም ባለ ብዙ ቅጂ ሲሆን በጎን ያለውን ማስተካከያ ተጠቅሞ በራሱና በወረቀቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋት ያስፈልጋል። የወረቀት ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በመርፌዎቹ ላይ ግን ዘይት አይፈስም፤ ዘይቱ ብናኝ ሰብስቦ ያጣብቃቸዋልና። ብዙ ገጽ ካተመ በኋላ ራሱ ስለሚግል ወዲያው መንካት ጣት ያቃጥላል።

በኤሌክትሪክ ሙል፦ ሌዘርና ፎቶ ኮፒ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። አንድን ጽሑፍ ማብዛት ለረጅም ዘመን በዓለም ሁሉ አድካሚ ሥራ ነበር። ይህ ድካም ያስመረረው አሜሪካዊ የፓተንት ባለሙያ ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒው ዮርክ፣ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር ከረዳቱ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። በድኝ የተለበጠ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ ፈትጎ የኤሌክትሪክ ሙል አስያዘው፤ ጽሑፍ ያለበት መስታወት ጭኖበት ለብርሃን ካጋለጠው በኋላ ደቃቅ የተክል ዱቄት ነሰነሰበት። ብርሃን ባገኘው ቦታ ሙሉ ስለጠፋ ዱቄቱ የቀረው በፊደሎቹ ጥላ ላይ ብቻ ነበር። በሰም ወረቀት አንሥቶ ሲያሞቀውም የዕለቱ ቀንና የሰፈሩ ስም ተነበበ። ፎቶ ኮፒ ከዚህ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ጋሪ ስታርክዌዘር በመስታወቱ ፈንታ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሌዘር ጨረር ተክቶ የሌዘር ማተሚያን ሠራ።

ዛሬ ሥራው የሚካሄደው ድራም በተባለ ብርሃን የሚሰማው በርሜል ላይ ነው። ድራሙ በመጀመሪያ በሙሉ ገላው ሙል ይይዛል፤ ሌዘሩ ፊደሉ በሚያርፍበት ቦታ ያንን ሙል ያጠፋዋል፤ ቶነሩ ሌዘር የነካውን ቦታ ለይቶ ይጣበቃል። ወረቀቱ በድራሙ ሥር ሲያልፍ ተቃራኒ ሙል ቶነሩን ስቦ ወደ ወረቀቱ ያዛውረዋል። በመጨረሻም ፊውዘር የተባለው፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያለው ክፍል ዱቄቱን አቅልጦና ተጭኖ ከወረቀቱ ጋር ያዋሕደዋል። የሌዘር ወረቀት ሞቆ የሚወጣው ስለዚህ ነው። ቶነር ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን እያንዳንዱ ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነ የፕላስቲክና የካርቦን ዱቄት ነው።

ይህን ጉዞ ያወቀ ሰው ሕመሙን ከወረቀቱ ላይ ያነብባል። ጽሑፉ በጣት ሲታሸ ከለቀቀ ቶነሩ አልቀለጠም፤ ፊውዘሩ ደክሟል ወይም ወረቀቱ ለተመረጠው ቅንብር በጣም ወፍራም ነው። አንድ ነጥብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከታየ ከሚሽከረከሩት አካላት በአንዱ ላይ ጭረት ወይም ቆሻሻ አለ፤ ርቀቱ የዚያ በርሜል ዙሪያ ነውና በማስመሪያ የለካው ባለሙያ ጥፋተኛውን ሳይፈታ ይለየዋል። ከላይ እስከ ታች የደበዘዘ መስመር ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቶነሩ እያለቀ ነው፤ ካርትሪጁን አውጥቶ በአግድም ቀስ እያሉ ማነቃነቅ ጥቂት ገጾችን ያስገኛል።

ወረቀት የሚይዝ ማተሚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በክረምት እሽጉ ተከፍቶ የከረመ ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ በፊውዘሩ ሙቀት ሲያልፍም ይጠቀለላል። የተረፈው ወረቀት በራሱ መጠቅለያ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የተያዘ ወረቀት በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎና በሚጓዝበት አቅጣጫ ይሳባል፤ በኃይል ወደ ኋላ መጎተት ሮለሮቹን ይጎዳል። ከዚያ በፊት ግን ማተሚያውን ማጥፋትና እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች ሦስት ጥንቃቄዎችም አሉ። ድራም የተሠራው ብርሃን እንዲሰማው ነውና ከውስጡ ሲወጣ በጨርቅ ይሸፈን፤ በፀሐይ ላይ የተረሳ ድራም በነጭ ወረቀት ላይ ጥላ ማተም ይጀምራል። የፈሰሰ ቶነር በእርጥብ ጨርቅና በቀዝቃዛ ውኃ ይጸዳል፤ ሙቅ ውኃ አቅልጦ ልብስ ላይ ያጣብቀዋል፣ የቤት ውስጥ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ደግሞ ደቃቁን ዱቄት መልሶ ወደ አየር ሊረጨው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሌዘር ማተሚያን ለኮምፒዩተር በተገዛ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ መሰካት አይመከርም፤ ፊውዘሩ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከመሣሪያው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

በጠብታ፦ ኢንክጄት

ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ማሞቂያ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚለካ ጊዜ ቀለሙን አፍልቶ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋውም ጠብታውን ገፍቶ ያስወጣዋል። የዚህ ሐሳብ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን ካኖን ኩባንያ የተከሰተ አጋጣሚ እንደሆነ ይነገራል፤ የጋለ የመበየጃ ብረት ቀለም የያዘ የሕክምና መርፌ ነክቶ ቀለሙ ተፈናጥሮ ወጣ። በሁለተኛው ዓይነት፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቅርጹን የሚለውጥ ፒዬዞ የተባለ ቁስ የቀለሙን ክፍል ይጨምቀዋል። የፒዬዞን ጠባይ የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ዣክና ፒየር ኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 የደረሱበት ነው።

ጠብታው የሚለካው በፒኮ ሊትር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ቢሊዮን ፒኮ ሊትር አለ፤ ስለዚህ ጠብታው 4 ፒኮ ሊትር ቢሆን ከአንድ ሚሊ ሊትር ቀለም 250 ሚሊዮን ጠብታዎች ይወጣሉ። ይህን የሚያህል ጠብታ የሚያልፍበት ቀዳዳ በደረቀ ቀለም ለመዘጋት ጊዜ አይፈጅበትም። የኢንክጄት ሕመም በአንድ ቃል ድርቀት ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ ከመልክ ያለፈ ጉዳይ ነው። የመርጫው ራስ በወረቀቱ ላይ በአግድም ስለሚመላለስ፣ የተዘጉ ቀዳዳዎች በአግድም ነጭ መስመር ይተዋሉ። የፊደላችን ድምፅ የሚለወጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንዲት አጭር አግድም ቅጥያ ነው፤ «በ» ከ«ቢ» የሚለየው በእግሩ ሥር ባለች ሰረዝ ብቻ ነው። መስመሩ በዚያች ሰረዝ ላይ ካረፈ «ቢከፈል» የሚለው ቃል «በከፈል» ሆኖ ሊወጣ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የሐኪም ማስታወሻ ላይም አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። ለወሳኝ ሰነድ በረቂቅ ቅንብር አለማተምና አስቀድሞ የቀዳዳ መፈተሻ ገጽ ማውጣት የሚመከረው ለዚህ ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ቀለሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ማተሚያው የሚጠፋው በራሱ ማጥፊያ እንጂ ከግድግዳው በመንቀል መሆን የለበትም፤ በማጥፊያው ሲጠፋ መርጫው ወደ ማረፊያው ተመልሶ በጎማ ክዳን ይከደናል። በማተም ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ራሱ ሳይከደን ይቀራል፤ መብራቱ እንደተመለሰ መሣሪያውን አብርቶ ወደ ቦታው እስኪመለስ መጠበቅ ይገባል። ጽሑፉ ነጭ መስመር ሲያወጣ የማጽጃውን ትእዛዝ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል፤ ካልተሳካ ለጥቂት ሰዓታት ማሳረፍ ይሻላል። ደጋግሞ ማጽዳት ቀለም ያባክናል፤ የባከነው ቀለም የሚጠራቀምበት በመሣሪያው ሥር ያለ ስፖንጅም ሲሞላ ማተሚያው ጨርሶ ሥራ ያቆማል። ስፖንጁን መለወጥ ግን የሚቻል ጥገና ነውና መሣሪያው ሞተ ብሎ ከመጣል በፊት ባለሙያ መጠየቅ ያዋጣል።

ዙሪክ፦ ጠብታው ሲረቅቅ

ዙሪክ በማተም ሥራ የቆየች ከተማ ናት። ክሪስቶፍ ፍሮሻወር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤቱን በዚያ ከፍቶ ነበር፤ ታሪኩን ከእርሱ የሚቆጥረው ኦሬል ፉስሊ የተባለው ድርጅት ዛሬም የስዊዘርላንድን የገንዘብ ኖቶች በዙሪክ ያትማል። ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ የተባለው የከተማዋ ፖሊቴክኒክም ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የተማረው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች በዓለም ትንሹን በኢንክጄት የታተመ ባለ ቀለም ሥዕል አሳዩ። የዓሦች ምስል የነበረው ይህ ሥዕል 80 በ115 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ 0.0092 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንዲት የፀጉር ዘለላ አግድም ቁራጭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ተራ የቢሮ ማተሚያ በአንድ ኢንች ውስጥ 600 ነጥቦች ያሳርፋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 42 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የዙሪኩ ሥዕል በአንድ ኢንች 25,000 ነጥቦች ስለነበሩት ርቀቱ ወደ 1 ማይክሮ ሜትር ወርዷል።

ሚስጥሩ ጠብታውን ከኋላ መግፋትን ትቶ ከፊት መሳብ ነው። በመርጫው አፍና በሚታተምበት ገጽ መካከል የኤሌክትሪክ መስክ ሲፈጠር ፈሳሹ ወደ ውጭ ይሾላል፤ ከጫፉም ከቀዳዳው እንኳ ያነሰ ጠብታ ይላቀቃል። ስለዚህ ጠብታውን ለማሳነስ ቀዳዳውን በዚያው ልክ ማጥበብ አያስፈልግም። ይህ በቤታችን ያለውን ችግር ከሥሩ የሚነካ ሐሳብ ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር መዘጋቱ ይፈጥናልና። ተመራማሪዎቹ የሚያልሙት የተሻለ የቤት ማተሚያ ሳይሆን ለኤሌክትሮኒክስና ለስክሪን ሥራ የሚውሉ ረቂቅ መስመሮችን ማተም ነው።

በሙቀት፦ የሚጠፋው ደረሰኝ

አራተኛው መንገድ ቀለም የለውም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ፣ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ወረቀትና የአውሮፕላን ሻንጣ መለያ ብዙውን ጊዜ የሚታተሙት ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ልዩ ወረቀት ላይ ነው። በማተሚያው ራስ ላይ በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች አሉ፤ በተለመደው መሣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 8 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ለቅጽበት ሲግል በወረቀቱ ልባጥ ውስጥ ያሉ ሁለት ኬሚካሎች ተዋሕደው ጥቁር ነጥብ ይፈጥራሉ።

በዙሪክ አጠገብ በምትገኘው ሩሽሊኮን ያለው የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራም በሙቀት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎቹ በጋለ የሲሊኮን ጫፍ የፕላስቲክ ገጽን በመቅረጽ 11 በ14 ማይክሮ ሜትር የሆነ የመጽሔት ሽፋን ሠርተዋል። ያ ጽሑፍ የተቀረጸ ነው፤ የእኛ ደረሰኝ ግን በኬሚካሎች ውሕደት የቆመ ነውና ውሕደቱ ሲፈርስ ይጠፋል።

ሙቀት፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ቅባትና የአንዳንድ ፕላስቲኮች ንክኪ ያደበዝዙታል። በመኪና መስታወት ሥር የተረሳ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ ደረሰኝ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። የአባቶቻችን የብራና ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት፣ ማለትም ካርቦን በመሆኑ ክፍለ ዘመናትን ተሻግሯል፤ የሌዘር ጥቁር ቶነርም ጥቁረቱን የሚያገኘው ከካርቦን ነው። ስለዚህ ለግብር፣ ለዋስትና ወይም ለክርክር የሚፈለግ ደረሰኝ በተገኘበት ቀን በፎቶ ኮፒ ወይም በሌዘር ቢገለበጥና ከዋናው ጋር ቢቀመጥ መብትን ከመጥፋት ያድናል።

የጤናም ጉዳይ አለበት። በአንዳንድ የሙቀት ወረቀቶች ቢስፌኖል ኤ የተባለ ኬሚካል ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከጃኑዋሪ 2020 ጀምሮ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ገደብ ጥሎበታል፤ ስዊዘርላንድ ደግሞ ተተኪውን ቢስፌኖል ኤስንም ጭምር ከልክላለች። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚቆርጡ ገንዘብ ተቀባዮች እጃቸው በክሬም ወይም በአልኮል እርጥብ ሳለ ወረቀቱን ባይነኩ ይመረጣል። የመሣሪያው እንክብካቤ ቀላል ነው፤ ራሱ ሲበርድ በአልኮል በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል፤ በቢላ ወይም በጥፍር ግን አይፋቅም። ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመር ካልጸዳ አንድ ማሞቂያ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄ

እንግዲህ ማተሚያ የሚሻ ሰው በቅድሚያ ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። በወር ስንት ገጽ አትማለሁ? አልፎ አልፎ ጽሑፍ ብቻ የሚያትም ሰው ለወራት ቢቀመጥ የማይደርቅ ቶነር ያለው ጥቁር ሌዘር ይስማማዋል፤ በየቀኑ ባለ ቀለም ሥራ ያለው፣ እንደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ደንበኛ፣ ቀለም በጠርሙስ የሚሞላ ኢንክጄት ወጪውን ሊቀንስለት ይችላል። ሰነዱ ስንት ዓመት መኖር አለበት? ልጆች የሚወርሱት ውል በሙቀት ወረቀት አይታተምም። ሦስተኛው፣ ካርትሪጁና መለዋወጫው በምኖርበት ከተማ ይገኛል ወይ? ከጄኔቫ ወይም ከዙሪክ በስጦታ የተላከ ማተሚያ በደሴ ወይም በጎንደር ካርትሪጁ ካልተገኘለት፣ የመጀመሪያው ቀለም ባለቀበት ዕለት የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። ብዙ አምራቾች ካርትሪጆቻቸው ከተሸጡበት ክልል ውጪ እንዳይሠሩ ስለሚቆልፉም፣ ስጦታውን የሚልክ ሰው ይህንን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን መጠየቅ አለበት።